«ተዉት» ያላልኩበት ቀን

ሰው ስለ ጎረቤት ደግነት ማውራት ሲጀምር ተነስቼ ብወጣ ደስ ይለኛል። ግን አልወጣም፤ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ደግነት ምን እንደሚያደርግ እኔ አይቼዋለሁ። አባቴን አራተኛ ፎቅ ላይ ዘግቶ ያስቀረው ደግነት ነው። በሩን ያስዘጋሁበት ደግሞ እኔ ነኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጌጃ ሰፈር እንጨት ሲልግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ፣ ቫርኒሽ ሲቀባ የኖረ አናጢ ነበር። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ እንኳ ሸፍኖ አያውቅም። ሰፈሩ ሲነሳ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ዕጣው የወጣ ቀን እልል ብለናል። ሊፍት የለውም፤ ያኔ ግን ማን ደረጃ ይቆጥራል? ቁም ሳጥናችንን ከአንድ ጓደኛው ጋር ተጋግዞ ያወጣው ራሱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳል ያዘው። ብርድ ነው አልን። ዝንጅብሉን፣ ጤና አዳሙን፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩን፣ ሰፈር ያዘዘውን ሁሉ ጠጣ። ሐኪም ቤት የሄድነው መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ሳንባው በአቧራና በቫርኒሽ ተጎድቷል፣ የተጎዳው አይመለስም፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይወስዳል ተባልን። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩን።

«ወገቤን አሞኛል አልኩ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ አባቴ። እኔም ብሆን ፊዚዮቴራፒ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ባለሙያው ወጣት ነው፤ እዚያ የሚመጣው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። አባቴን አስቀምጦ «አባባ፣ በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?» አለው።

«እኔ? ይቺ ታስነሳኛለች ብለህ ነው?» አለ አባቴ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። ልጁ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከአልጋው ሳይወርድ ምሳውን ማቅረብ፣ ጫማውን ማሰር፣ ውኃውን እጁ ላይ ማድረስ፤ ይሄ ሁሉ ለእኔ የልጅ ወግ ነበር።

«ችግሩ ሳንባዎ ብቻ አይደለም» አለው። «ቁጭ ባሉ ቁጥር እግርዎ ይደክማል። የደከመ እግር ደግሞ ብዙ አየር ይጠይቃል። ስለዚህ ቶሎ ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ ያጥረኛል ብለው ጭራሽ ይቀመጣሉ። ሳንባዎን አዲስ አላደርግልዎትም፤ እግርዎን ግን እመልስልዎታለሁ።»

በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን ሰብስቦ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብሎ ማስወጣት አስተማረው። ደረጃ ላይ ቆሞ ይስባል፣ እያስወጣ ሁለት እርምጃ ይወጣል፣ ይቆማል። ሲያቅተው ሳይቀመጥ ክርኖቹን መደገፊያው ላይ ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እስኪመለስለት ይጠብቃል። «ትንፋሽ ማጠር ያስፈራል እንጂ ይመለሳል። ከንፈራቸው ካልጠቆረ፣ ደረታቸውን ካላመማቸው፣ ራሳቸውን ካላዞራቸው አትደንግጡ» አለን። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ከባዱ ሥራ የእርስዎ ነው። ሲያለከልኩ ቆመው ያያሉ፤ እንዳያነሷቸው።»

እውነቴን ነው፣ ቀላል መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ምን ለማድረግ እንደሚፈልግ ጠየቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ጤና ይል ነበር። አባቴ «ዳማ» አለ። ከሕንፃችን ሥር፣ ግድግዳው ጥግ፣ ጡረተኞች በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱበት አግዳሚ አለ። በእግሩ ወርዶ፣ ተጫውቶ፣ በእግሩ መመለስ። ሌላ ነገር አልፈለገም።

ጀመርን። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንደኛ ፎቅ በላይ በራሱ አልወጣም፤ የቀረውን እኔ ደግፌ እጎትተው ነበር። «ይሄን ደረጃ የሠራው ሰው አናጢ አይደለም!» እያለ ይሳደባል። በወሩ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። በሁለተኛው ወር ሦስተኛ። መብላት ጀመረ። ዳማ አሸንፎ የመጣ ቀን እያንዳንዷን ቆርኪ እንዴት እንደበላ ሳይነግረኝ አይተኛም። እኔም ያኮረፍኩ መስዬ እሰማለሁ፤ ደስታዬን ግን የት ላድርገው!

የማይደሰተው ሕንፃው ነበር። ሽማግሌ ደረጃ ላይ ሲያለከልክ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እኛ ጋ የለም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠለት። እንዳይቀመጥ ስለተባለ አነሳሁት። በነጋታው ተመልሶ አገኘሁት፤ ትራስ ተጨምሮበት! ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ንፋስ ይመታዋል» ብሎ መስኮት ይዘጋል። እኔ እከፍታለሁ፣ እነሱ ይዘጋሉ። «ተኛ፣ አትልፋ፣ አሁን አንተ የምትጦርበት ጊዜ ነው» ይሉታል። እሱም ከንፈሩን ሰብስቦ ወደ ጣሪያው ይተነፍሳል፤ ስድብ ሲቋጥር እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከሁሉም የከበደችኝ የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ናት፤ የዕድራችን ሰብሳቢ። እናቴ የሞተች ጊዜ በእጇ እያጎረሰችኝ፣ ከጎኔ ፍራሽ ዘርግታ እየተኛች ያቆመችኝ እሷ ናት። ታዲያ ለእሷ ምን ተብሎ ይመለሳል? አንድ ቀን በሯ ላይ ያዘችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? እኚህን ሰውዬ እንደዚህ የምታስለከልኪያቸው በዚህ ግቢ ወንድ ጠፍቶ ነው?»

«ሐኪም አዞ ነው እትዬ።»

«ሐኪሙ የራሱን አባት ያስለክልክ! ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ። ደረጃ ላይ በር በተከፈተ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። አባቷን የምታንገላታው ያቺ ናት የሚሉኝ ይመስለኛል። ይሉኝታ ክፉ ነው፣ አፍ ያስይዛል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አባቴ ሁለት ዙር አሸንፎ መውጣት ጀመረ። እኔ ሁለት እርምጃ ዝቅ ብዬ እከተለዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። የቀረው አንድ ፎቅ ነው፤ እሱን ከወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረሰው ማለት ነው። ክርኖቹን መደገፊያው ላይ ጣለ፣ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩን ሰብስቦ ይነፋል። ድምፁ ያስፈራል። ከንፈሩን አየሁት፤ አልጠቆረም። ደረትህን ያምሃል ወይ አልኩት፤ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ትንፋሹ ይመለስ ነበር። አውቅ ነበር።

እትዬ ውኃ ይዛ ከሥር ደረሰች። «ኧረ የሰው ያለህ! ሰውየው ሊሞቱ ነው!» ብላ ጮኸች። የግቢው ጥበቃና የሦስተኛ ፎቁ ሹፌር ወንበር ይዘው ሮጡ። በር ሁሉ ተከፈተ። አባቴ መናገር አይችልም፣ ትንፋሹ ለወሬ አይበቃም። መዳፉን ዘርግቶ ቆዩ አላቸው። አላዩትም። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

አንድ ቃል ነበር የምጠየቀው። ተዉት። ሕንፃው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

በወንበር አንስተው አልጋው ላይ አስቀመጡት። እትዬ ግንባሬን ሳመችኝ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትንፋሹ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ተሸካሚ ተመደበ፤ ዛሬ እገሌ፣ ነገ እገሌ። አባቴ ሁለት ጊዜ በሰው እጅ ወርዶ ወጣ። የዳማ ጓደኞቹ ተነስተው ተቀበሉት፣ ጋቢ አለበሱት፣ ሆን ብለው ተሸነፉለት። አባቴን በዳማ ማታለል! «በሽተኛ ነው ብለው ቆርኪያቸውን አበሉኝ» አለኝ ማታ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። በሦስተኛው ጊዜ ሊያወርዱት ሲመጡ «ዛሬስ ሰው አላስቸግርም፤ ነገ» አላቸው። ነገም ነገ አለ።

አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ «አባዬ፣ ተነስ፣ ማንም የለም፣ እንሞክር» አልኩት።

«ተይው ልጄ» አለኝ። «ያዩሻል።»

ለእኔ ብሎ ነው። ስሜ እንዳይነሳ ብሎ አልጋ ላይ ቀረ። እኔም፣ ይቅር አይበለኝ፣ ቀለል አለኝ።

የሚሳበው መድኃኒት ሲያልቅ ብቻዬን ሄድኩ። የፊዚዮቴራፒው ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘኝና «አባባስ? ደረጃው ስንት ደረሰ?» አለኝ። «አራተኛ ወጥቷል» አልኩት። «ጎበዝ! ይንገሩልኝ!» ብሎ በደስታ እጄን ጨበጠኝ። ለእሱም ዋሸሁ።

እግሮቹ ሟሸሹ። ከአልጋ ሽንት ቤት መድረስ ያኔ ሦስተኛ ፎቅ ከመውጣት የበለጠ ያስለከልከው ጀመር። ልጁ የነገረን አንድ በአንድ ሆነ። ክረምት ሲገባ ጉንፋን ያዘው፣ ደረቱ ላይ ወረደ፣ አክታውን ገፍቶ የሚያወጣበት አቅም አልነበረውም። በሳምንቱ ሞተ።

ድንኳኑ የተተከለው የዳማው አግዳሚ ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። እትዬ ያንኑ የፕላስቲክ ወንበር አቅርባ ከጎኔ ተቀመጠች። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እንደዚህች ያለች ልጅ ይስጣችሁ! አባቷን መሬት ሳታስረግጥ ነው የሸኘችው።»

«እውነት ነው» አሉ ሴቶቹ። «የታደለ አባት።»

እጇ ከብዶኛል። አፌን ከፈትኩ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።