ቁጥሩን የተሳሳቱት አታሚ

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ቀለም» ነው የሚላቸው፤ ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር ጠቁረው ስለሚውሉ። ፎቅ ሥር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠርግ ጥሪና ቢዝነስ ካርድ አትመዋል። በሰው ስህተት መሳቅ ይወዱ ነበር። ፊደል የዘለለ የሱቅ ማስታወቂያ ካዩ ባለሱቁን አስጠርተው ሳያሳዩት አያልፉም። ዕድሜ ልኬን የማመሰግናቸው ሰው ናቸው፤ ይህን ጠባያቸውን ግን ዛሬም አልወደድኩላቸውም።

አንድ ቀን ከአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አንዲት ሴት መጣችባቸው። ድርጅቱ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ዘመቻ ጀምሯል፤ ጫማ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ካርድ ይፈልጋል። ጽሑፉ «ቤትዎ ውስጥ የሚመታ ሰው አለ? ይደውሉ፤ እንሰማዎታለን» ይላል፤ ከሥሩ በትልቁ ስልክ ቁጥር። ጋሽ ቀለም ሥራ ሲጀምሩ ባዶ ገጽ አይወዱም። አንድ የድሮ ሥራ ይከፍቱና ቃሉን እየቀየሩ ይሄዳሉ። ያን ዕለት የከፈቱት የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ማስታወቂያ ነበር። ቃላቱ በሙሉ ተቀየሩ፤ የራሳቸው ስልክ ቁጥር ግን እንዳለ ቀረ። ፊደሉን ሦስት ጊዜ አነበቡ። ቁጥር ማን ያነባል? ሴትየዋም አየት አድርጋ ፈረመች። ሁለት ሺህ ካርድ በየክሊኒኩ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ተበተነ።

በማግስቱ ስልካቸው ጮኸ።

«ካርዱን አይቼ ነው» አለች አንዲት ሴት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት ኮፒ ይሁንልሽ? ሠርጉስ መቼ ነው?»

ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ቀለም ይህን ሲያወሩ አሁንም ፊታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ ይመጣል። ደግነቱ ስልኩን አልዘጋችባቸውም። እሳቸው ካርዱን ከመሳቢያ አውጥተው ሲያዩት ክው አሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ትክክለኛውን ካርድ በዚያው ቀን አተሙ። የተበተነውን ግን ማን ይሰበስበዋል? ስለዚህ የድርጅቷን ሴት ጠሩና «ይህ ስልክ ሲጮህ ዝም ብዬ አላየውም፤ ምን እንደምል አስተምሪኝ» አሏት። አስተማረቻቸው፦ ስም አይጠይቁ፣ አያጣድፉ፣ አይምከሩ፣ ቁጥራችንን ይስጡ። ጋሽ ቀለም ሳይመክሩ! ሚስታቸው ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር አሉ።

እኔ የደወልኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ካርዱን ያገኘሁት ከትምህርት ቤታችን ነርስ ክፍል ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ አባቴ ወጥቷል፤ ለምሳ ይመለሳል። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ በአንድ እጇ ሰሃን ታጥባለች፤ ሌላውን እጇን ካለፈው ማታ ጀምሮ ማንሳት አቅቷታል።

«ሄሎ» አልኩ። «ካርዱን አይቼ ነው።»

ከወዲያ በኩል ማሽን ይንጫጫ ነበር፤ ቆመ።

«ልጄ፣ እኔ አታሚ ነኝ። ቁጥሩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሳልሰማሽ ግን አልዘጋም። አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። የእናቴን እጅ ነገርኳቸው። አባቴ ደረጃ ሲወጣ ኮቴውን እያዳመጥኩ፣ ዛሬ ክፉ ቀን ይሁን ደህና ቀን ለእናቴ ቀድሜ እንደምነግራት ነገርኳቸው። ይህን ስል እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ልጅ ናት፤ ትቀባጥራለች። ምንም የለም።»

እናቴን አውቃታለሁ። አንዴ ከዘጋችው ዳግመኛ አትደውልም፤ እኔንም አታስደውልም። ጆሮዬን ከስልኩ ጋር አጣበቅኩ።

«እሺ እህቴ» አሉ በቀስታ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ኮቴ የምታዳምጥልሽ ይቺ ልጅ ናት አይደል? እስከ መቼ ታዳምጥ?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዐይኗ ሞላ።

«እርሳስ አምጪልኝ» አለችኝ።

ትክክለኛውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ነገሯት፤ መልሳ እስክታነብላቸው ድረስም አልለቀቋትም። ወዲያው ደወለች፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የድርጅቱ መኪና ከመንገዱ ጥግ ቆሞ ነበር። በአንድ ሻንጣ ወጣን። ወደዚያ ቤት አልተመለስንም።

እናቴ ጋሽ ቀለምን ለማመስገን ስምንት ዓመት ፈጀባት። አብረን ሄድን። ማን እንደሆንን ስንነግራቸው መጀመሪያ ያሉት «ለስህተቱ ይቅርታ» ነበር። እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አንስተው አስቀመጧት።

«አታመስግኚኝ። እዚሁ ከላዬ አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጮህ ሰምቻለሁ። የሰው ትዳር ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። የት እንደደረሰች አላውቅም።»

ደሜ ፈላ። እኛ ስንጮህ በር ዘግተው የተቀመጡት ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«የኛም ጎረቤቶች ይሰሙ ነበር» አለች። «ጋሼ፣ እኔ እነሱን ይቅር አላልኩም። ያቺ ሴት እርስዎን ይቅር ትበል አትበል፣ እኔ አላውቅላትም። ልጄ ግን ኮቴ ማዳመጥ ትታለች። የማመሰግንዎ ለዚህ ነው።»

ጋሽ ቀለም መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

እናቴ እውነቷን ነው። ዛሬ ደረጃ ላይ ሰው ሲወጣ፣ ማን እንደሆነ የማውቀው በሩን ሲከፍት ነው።