ወንድሜ ያልተጠራበት የመወያያ ክፍል

ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑለት አይደለም፤ እሱ ራሱ ከንፈር የሚመጥለት ሰው አይወድም። ሥራው ኮድ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል፤ እሱም ያንን ድምፅ እኔ አንድ ቃል እንኳ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ አፍጥኖ ይሰማዋል። እኔ እዚያው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። የኔ መኪና ሲንኳኳ የሱ ኮምፒውተር ሲለፈልፍ፣ ጎረቤት ወፍጮ ቤት ይለናል።

ከደመወዝ ሥራው ሌላ ልቡን የሰጠው ነገር ነበር፤ ትናንሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያውሱበት ነፃ ፕሮግራም። ከጓደኛው ጋር ጀመሩት፤ ኋላ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተቀላቀሏቸው። ጓደኛውን ቀጮ እንለዋለን። እኛ ቤት በልቶ ጠጥቶ ያደገ ነው፤ እኔንም እትዬ ይለኛል። የፕሮጀክቱ ሰዎች የሚወያዩበትን ቻት ወንድሜ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ከስፌት ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጠው። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ጌጥ የሌለው ቻት ነበር። ለሱ ግን አንድም ሳይቀር ይነበብለታል።

ባለፈው ዓመት ቀጮ ቻቱ አርጅቷል፣ አዲስ የሚመጡት ይሸሹታል ማለት አመጣ። ወንድሜ አልተከራከረም። እንደሱ ክፍት የሆኑ ሌሎች ቻቶችን ሰብስቦ ሲፈትሽ ከረመ። አንደኛው ላይ ቁልፎቹ ስም ስላልተሰጣቸው አንባቢው ድምፅ "ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ" እያለ አሳቀን። ሁለቱ ግን በደንብ ሠሩለት፤ መልካቸውም ያምራል፣ ምስክሩ እኔ ነኝ። ከሁለቱ የወደዱትን ይምረጡ ብሎ ለቀጮ ነገረው። ቀጮም እናስብበታለን አለ።

ከዚያ ቻቱ ጭር አለ። ወንድሜ ጠዋት ሰላም ሲል የሚመልሰው ቀጮ ብቻ ሆነ። ሰው ሥራ በዝቶበት ነው፣ ፕሮጀክቱ ቀዝቅዟል ይለዋል። ወንድሜ አመነው። ይባስ ብሎ ጥፋቱ የኔ ይሆን እያለ ይብሰለሰል ጀመር፤ ምግብም አልበላ አለው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ያጋለጣቸው ኮዱ ነው። ኮድ የሚቀይር ሰው ለምን እንደቀየረ አጭር ማስታወሻ ያስቀምጣል። አንድ ቀን የመጡት ለውጦች ሁሉ "በተነጋገርነው መሠረት" ይላሉ። ወንድሜ የድምፁን ፍጥነት ቀንሶ ደገመው፤ ያኔ እኔም ሰማሁት። የት ነው የተነጋገሩት አለኝ፣ የማውቅ ይመስል።

ፈለግነው። ለካ አንድ ኩባንያ ያዘጋጀው ቻት ውስጥ ገብተው ኖሯል። በሩ ለማንም ክፍት ስለነበር በስልኬ ገባሁ። የሱ አንባቢ እዚያ አላነብ ስላለ እኔ አነብለት ጀመር። ወደ ኋላ እየሄድኩ ቀልዳቸውን፣ ጭቅጭቃቸውን፣ ወራት ሙሉ የሠሩትን ሁሉ ነገርኩት። መጀመሪያው ላይ አንዲት ሴት፣ ወንድሜ በዚህ ቻት መጠቀም ይችል እንደሆነ ጠይቃለች። ከሥሯ ቀጮ መልሷል።

"ለምን ቆምሽ?"

"ይቅርብህ።"

"እቴ፣ አንብቢ።"

"'ጠይቄዋለሁ። ደክሞኛል፣ እኔን ተዉኝና ሂዱ ብሏል።' ይሄ ነው ያለው።"

ፊቱ እንደተጨመቀ ልብስ ሆነ። ወዲያው ለቀጮ ደወለ። ቀጮ አልካደም፤ በየጊዜው ቻት ምረጥ፣ ፈትሽ እያልን እንዳናስቸግርህ ብዬ ነው፣ ላንተው አስቤ ነው አለ። ወንድሜ አስጨረሰው።

"ማየት አለመቻሌን ለምጄዋለሁ። በኔ አፍ እንድትናገር ግን ማን ፈቀደልህ? አሁኑኑ ዋሽቼ ነው ብለህ ንገራቸው።"

ቀጮም፣ "ሰዉ ምን ይለኛል?" አለ።

ወንድሜ ስልኩን ዘጋው። እንግዲያው አንቺ ጻፊልኝ አለኝ። እኔ ሱሪ ማሳጠር እንጂ እዚህ ነገር ውስጥ ምን አውቄ፤ ቢሆንም ጻፍኩ። እህቱ ነኝ፣ ወንድሜን ማንም አልጠየቀውም፣ ደክሞኛልም አላለም፣ አሁንም ከናንተ ጋር መሥራት ይፈልጋል አልኩ። ላክሁት። ያቺ ሴት መልስ መጻፍ ስትጀምር አየሁ። ከዚያ የመወያያ ክፍሉ ከስልኬ ላይ ጠፋ፤ ኃላፊው አስወጥቶዎታል የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ኃላፊው ቀጮ ነው።

ወንድሜ ወንበሩን ወደኔ አስጠግቶ፣ "እሺ፣ ምን አሉ?" ይለኛል።

እየጻፉ ነው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ለሱ ታስቦ የተዋሸው ይበቃዋል ብዬ እውነቱን ነገርኩት።