አቶ ራጉኤልና የጎረቤት ጀሪካን

አቶ ራጉኤል ጅጅጋ ከወታደር አባት የተወለዱ፣ ሃያ ስምንት ዓመት በፖስታ ቤት ያገለገሉ፣ በየበሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡ ረጅም ሰው ነበሩ። አነስተኛዋ የባፕቲስት ማኅበር በ1986 ዓ.ም. በአንድ የኪራይ ቤት ስትመሠረት፣ የየራሳቸውን ወንበር ተሸክመው ከገቡት ሰባት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ስድስቱ በዚያው ዓመት ተጠመቁ። እርሳቸው ግን “ነገሩን በደንብ ላጣራው” ብለው ስድስት ዓመት አጣሩ። አጣርተው ሲጨርሱ ውሃ ጠፋ።

በማኅበሩ ሥርዓት መላ አካሉ ውሃ ውስጥ ያልገባ ሰው እንደ ተጠመቀ አይቆጠርም፤ ያልተጠመቀም በጉባኤ እጅ አያወጣም። ስለዚህ አቶ ራጉኤል በየዓመቱ የሚመሩትን የውሃ ኮሚቴ ሪፖርት ካነበቡ በኋላ፣ ድምፅ ሲሰጥ ወጥተው ከበር ጀርባ ይቆማሉ። ለዘጠኝ ዓመት የገዛ ሥራቸው ዕጣ የሚደርሳቸው በቁልፍ ቀዳዳ ነበር።

ማኅበሩ የስፌት ቡድንና መዘምራን ቢኖሩትም፣ ከተማው የሚያውቀው በውሃ ኮሚቴው ነው። ቦቴ ሲመጣ በቅድሚያ የጎረቤት ጀሪካን ይሞላል፤ የተረፈው ወደ መጠመቂያው ገንዳ ይወርዳል። ደንቡን የጻፉት ራሳቸው አቶ ራጉኤል ናቸው። ደንብ የሚጽፍ ሰው ደንቡ አንድ ቀን የእርሱንም በር እንደሚያንኳኳ እምብዛም አያስብም። ከድሬዳዋ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡት አጥማቂ መጋቢ፣ ገንዳው ደርቆ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዘምረው ብቻ ተመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. ከተማው ሁለት ሳምንት ውሃ አጥቶ ሳለ ቦቴው መጋቢው አቶ ራጉኤልን ሊያጠምቁ በመጡበት ቀን ደረሰ። ዲያቆን በዛብህ የተባሉ ሰውነተ ግዙፍ ነጋዴ “የጎረቤትን ጀሪካን እየሞላ ገንዳችንን የሚያደርቅ ኮሚቴ ይፍረስ” የሚል ሐሳብ ለማግስቱ ጉባኤ አስይዘዋል። እርሳቸውም የግቢውን በር ያዙ።

“ዛሬስ ይዘጋ! ለእርስዎው ብዬ ነው እኮ።”

“ተው በዛብህ። ደንብ ነው።”

“ደንቡን የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“ለዚያ ነው የማላፈርሰው።”

በሩ ተከፈተ። ከሁሉ ቀድማ የገባችው ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ወተት ነጋዴ ሀሊሞ ናት፤ ሰባት ጀሪካን ደርድራለች።

“ሰባት? ግመል ነው የምታጠጪው?” አሉ በዛብህ።

“ሦስቱ የሙልኪ ናቸው፤ አራስ ናት። አንተ ደግሞ ሆድህን ከበሩ ላይ አንሣልኝ፣ ላሳልፍበት።”

ሰልፉ ሲያልቅ ገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ እስከ ጉልበት ነበር። አቶ ራጉኤል ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወረዱ። መጋቢው ጋደም ሲያደርጓቸው ጭንቅላታቸው ገባ፤ ጉልበታቸው ወጣ። ጉልበታቸውን ሲጫኑት ጭንቅላታቸው ብቅ አለ። ሽማግሌዎች በገንዳው ዙሪያ ቆመው፣ ያልረጠበ ጉልበት ከቀሪው አካል ተለይቶ ይታያል ወይስ አይታይም በሚለው ተከራከሩ።

“ወላሂ፣ ቀኙ ደርቋል!” አለች ሀሊሞ ከአጥሩ በላይ።

መጋቢው ተከዙ። “ለከርሞ እናቆየው ይሆን?”

“ምን ከርሞ! እኛ የበርሜሉ ውሃ ዝቅ ሲልብን ድንጋይ እንጨምርበታለን፤ ውሃው ራሱ ወደ ላይ ይመጣል” አለች ሀሊሞ።

“እዚህ ምን ድንጋይ አለ፣ እህቴ?”

ሀሊሞ በዛብህን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። “ዲያቆን አላችሁ።”

ከዚያ በዛብህ ኮታቸውንና ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ እያጉረመረሙ ወረዱ፤ ውሃው አንድ ስንዝር ከፍ አለ። ሁለት ዲያቆናት ሲጨመሩ እስከ አፉ ሞላ። መጋቢው አቶ ራጉኤልን አሰጠሙ። አረፋ ብቻ ቀረ።

“አሁን አይታይም!” ብላ ሀሊሞ መሰከረች።

በማግስቱ በዛብህ በነጠላ ጫማ ጉባኤ መጡ፤ ሐሳባቸውን ግን አልተዉም። ሐሳብ ከጫማ ጋር አይረጥብም። ኮሚቴው ይፍረስ ያሉት ሃያ አንድ፣ ይቀጥል ያሉትም ሃያ አንድ ሆኑ። አቶ ራጉኤል ከልማድ የተነሣ ወደ በሩ መንገድ ከጀመሩ በኋላ፣ መሃል አዳራሽ ላይ ቆሙ፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ ላይ አወጡ።

“አቶ ራጉኤል፣ ለአንድ ሰው አንድ እጅ ነው” አሉ ሰብሳቢው።

“የዘጠኝ ዓመት ውዝፍ አለኝ።”

“በደንቡ የለም።”

ደንብ ሲባሉ አንዱን አወረዱ። በአንዱ ኮሚቴው ቀጠለ።