የሞተር ሳይክሉ ፋብሪካ መርዶ

ዛሬ በማለዳ አባቴን መርዶ አረዳኋቸው። የሞተ ሰው የለም። የተዘጋ የጣሊያን ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ነው።

አባባ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ይነዱት የነበረውን ዓይነት አሮጌ ሞተር ገዝተው፣ እዚህ ስደት አገር፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንፃ ፓርኪንግ አቁመውታል። ካርቡሬተር የሚባለው የሞተሩ ዕቃ ስለሚጎድለው ከፋብሪካው እንዳዝላቸው ጠየቁኝ።

ፋብሪካው እኔ ሳልወለድ መዘጋቱን ኢንተርኔት ላይ ሳይ፣ ልባቸው አይችለውም ብዬ ደበቅኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላሉ።

«ዕቃው አልመጣም?»

«ሺፕ ተደርጓል አባባ፣ መንገድ ላይ ነው።»

ውሸቱ ከዌርሃውሱ የዕቃ ማንሳት ሥራ በላይ አደከመኝ።

ዛሬ ከናይት ሺፍት ወጥቼ፣ እንደ ወጉ ጎረቤታቸውን ጋሽ ታዬን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። (ነጠላ ዘቅዝቀን አልለበስንም፤ እሱን እንኳ ትተነዋል።)

«አባባ፣ ፋብሪካው ተዘግቷል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ አባባ። «ሰው መኪና መግዛት ሲጀምር ከሰረ፤ ወንድማማቾቹ ባለቤቶች ማሽኑን ሳይቀር ሸጡት። ድሬዳዋ እያለሁ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል?»

«ደህና ነህ ወይ ብዬ ስደውል ሥራ ላይ ነኝ ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለ ሞተሩ ስጠይቅህ ግን ታወራኛለህ።»

ደክሞኛል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። እናንተስ ቤተሰብ በምን ሰበብ ነው የሚደውልላችሁ?

እኔ ነገ ስለ ፍሬኑ ልደውልላቸው ነው።