ጮክ ብለው ያነቡ የነበሩት አጎቴ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ማንኛውንም ጽሑፍ ጮክ ብለው በዜማ ካላነበቡት አንብቤዋለሁ አይሉም ነበር። ጣሊያን ቡሬን ሲይዝ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እዚያ እንዴት እንደኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበርና አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ በሰው አገር ሥራ እንዴት አገኙ?»

«ካርቱም ላይ እንግሊዞች በአማርኛ ለሚያሳትሙት ወረቀት አራሚ ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩ። ካልተቀጠርኩ ወይ በረሃብ ማለቄ ነው፣ ወይ ተመልሼ በጣሊያን እጅ መውደቄ። እንግሊዙ ሹም ሊፈትነኝ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። እንደ ልማዴ በዜማ ሳነብ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።»

«ለምን?»

«ጸሎት መስሎታል እኮ። ስጨርስ አሜን አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ስሕተቶቹን አሳየሁት። በአስተርጓሚ ‹በዓይኑ ብቻ ያንብብ› ቢለኝ፣ ‹ዓይኔ የሚዘለውን ጆሮዬ ይይዝልኛል› አልኩት። ስቆ ቀጠረኝ፤ ሌላውን ሰው እንዳልረብሽ ግን ለብቻዬ ክፍል ሰጠኝ።»

በዚያ እንጀራ ኖረው በሰላም ለአገራቸው በቁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም፣ በኋላ ልጆቼም፣ ፊደል ሳንለይ ዳዊትን በቃላችን የያዝነው እሳቸው ጠዋት ጠዋት በግቢያችን ሲያነቡ እየሰማን ነው።

ከተቀበሩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጎረቤቶች በአጥራችን በኩል ሲያልፉ ቆም ይላሉ። ጥቂት ይጠብቁና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።