ከጃንጥላ በታች የኖረ ቀይ ዳማ

አቶ ሀብተ ሚካኤል የደባርቅ ሰው ናቸው። እግዚአብሔር መልካም መልክ ሰጥቷቸዋል፤ እርሳቸው ግን መልካቸውን እንደ ተሰጣቸው ጸጋ ሳይሆን በላባቸው እንዳፈሩት ርስት ይጠብቁት ነበር። ላብ ግን አያውቁም። መሬታቸውን በእኩል እያሳረሱ፣ እርሳቸው ከጧት እስከ ማታ በጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆመው “ቀይ ዳማነት ከአጥንት ነው” ይላሉ። ከዛሪማ ወይም ከአዲ አርቃይ የወጣ ቆለኛ ሲያልፍ ጥላሸት እንዳይነካቸው የፈሩ ያህል ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም የዛሪማው ተወላጅ መምህር ወልደ ሩፋኤል የአቶ ሀብተ ሚካኤልን ልጅ እየሩስን ሊያገባ ሽማግሌ እንደሚልክ ተሰማ። መምህሩ ምግባሩ የታረመ ነው፤ መልኩ ግን እንደ ሌሊት ጥቁር ነው። አባት ይህን ሲሰሙ “አይሆንም” አሉ።

እየሩስ ራሷ የሥነ ሕይወት መምህርት ናትና በትሕትና ቀርባ አስረዳቻቸው። ጥቁረት ገላ ከፀሐይ ቃጠሎ የሚከለልበት ጥላ መሆኑን፣ ብርቱ ፀሐይ ባለበት አገር በኖሩት ዘንድ ያ ጥላ በብዙ ሺህ ዘመን ከልጅ ወደ ልጅ እየጸና መምጣቱን፣ ፀሐይ ወደ ደከመችበት አገር በሄዱት ላይ ደግሞ አጥንት የሚያጠነክረው ብርሃን ይበቃቸው ዘንድ ቆዳቸው እየነጣ መሄዱን ነገረቻቸው። የሚያቃጥለው ጨረርም ከቆላው ይልቅ በደጋው ከፍታ ላይ እንደሚበረታ አከለችበት።

“ታዲያ እኔ ደገኛው ለምን አልጠቆርሁም?”

“አባባ፣ እርስዎ መቼ ከጃንጥላው ወጥተው ያውቃሉ?”

አባት ተቆጡ። ይሁን እንጂ የእግዚአብሔርን ፍጥረት በመልኩ ናቅሁት ብሎ በሽማግሌ ፊት መናገር ነውር ስለሆነባቸው ሌላ መላ ፈለጉ። በአገሩ ሥርዓት እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። በቀጠሮው ቀን የዛሪማ ሽማግሌዎች መሪጌታ ማዕረግ በተባሉ ሰው መሪነት መጥተው የወልደ ሩፋኤልን አያቶች ሲቆጥሩ፣ ስድስተኛው ገዱ ተባለ። ሀብተ ሚካኤል ስሙን እንደ ሲሳይ ቀለቡት። ገዱ ማለት የእርሳቸው አምስተኛ አያት የዋሴ ወንድም እንደሆነ፣ ወደ ዛሪማ ወርዶ እንደቀረ፣ ስለዚህ ጋብቻው እንደማይሆን እያዘኑ ተናገሩ። ኀዘኑ ያምርባቸው ነበር።

መሪጌታ ማዕረግ በመልካቸው ከሙሽራው የሚጠቁሩ ሽማግሌ ናቸው። ቀስ ብለው ተነሥተው ሀብተ ሚካኤልን አቅፈው ሳሙ።

“ሠርጉ ቢቀርም ዘመድ አገኘን” አሉ። “አንድ አጥንት መሆናችንን ለዛሪማ ሁሉ እንነግራለን። ከእንግዲህ ለገበያ የወጣ ዘመድዎ ሁሉ ከእርስዎ ቤት ያድራል።”

የቀሩትም ሊስሙ ተሰለፉ። ሀብተ ሚካኤል ሦስተኛው ሽማግሌ ጉንጫቸውን ሲስሙ፣ ደባርቅ በሙሉ ይህን ሰልፍ ሲያይ ታያቸው።

“ቆዩማ” አሉ። “አሁን ትዝ አለኝ። ያ የእኛ ገዱ ሳይወልድ ነው የሞተ።”

“በእርግጥ?”

“ያለ ጥርጥር።”

“እንግዲያው የእኛው ገዱ ሌላ ነው፤ የሚከለክልም ዝምድና የለም” አሉ መሪጌታ እየተቀመጡ። “ልጅዎን ይስጡን።”

ሀብተ ሚካኤል የመልኩን በር በእፍረት፣ የዝምድናውን በር በገዛ አፋቸው ዘግተዋልና ሰጡ።

በዓመቱ እየሩስ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ እንደ አብዛኛው አራስ ቀላ ብሎ ስለተወለደ አያቱ አጥንቴ አሸነፈ ብለው እስከ አምባ ጊዮርጊስ አስወሩ። በአርባኛው ቀን ክርስትና ሲነሣ ግን የጆሮው ጫፍ ጠቁሮ ታየ። አያት ይህ የፀሐይ ሥራ ነው ብለው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጃንጥላቸውን በሕፃኑ ላይ ዘረጉ፤ ከዚያም ወዲህ በሄደበት ሁሉ ተከትለው ያዙለት። ሕፃኑ ከጥላው ሥር ሆኖ አባቱን እየመሰለ ጠቆረ። አያትም ከጥላው ወጥተው ጠቆሩ።

በሁለተኛው በጋ አንድ መንገደኛ ልጁን ታቅፈው ቢያገኛቸው፣ የዛሪማ ሰው መሆን አለብዎ አላቸው። ገዱ ሳይወልድ ነው የሞተ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕፃኑ ጢማቸውን ይዞ ሳቀ። እርሳቸውም ነገሩን ትተው አብረውት ሳቁ።