በሦስተኛው ደወል

በጣልያን ጊዜ ነው፤ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ንዳድ ታማ ከተነሣች ወዲህ «ሰው ሲያናግራት ዘግይታ ነው የምትመልስ» እያሉ ጎረቤቶች ያሟት ጀመር። እኔ አላመንሁም። ባለቤቴ ሐይቁ ዳር ለታንኳው ደንገል ሲያስር እሷ አጠገቡ ትጫወታለች፤ እኔ ከቤት ደጃፍ ሙስባሃዬን፣ የዱዓ መቁጠሪያዬን፣ ይዤ እጠራትና «አቤት እማ!» እስክትለኝ ድረስ ፍሬ እቆጥራለሁ። አሥር ጥሪ አሥራ አንድ ፍሬ ፈጀ። እንግዲህ ሠላሳ ሦስቱ ፍሬ እስኪያልቅ ሠላሳ ጊዜ ትመልስልኛለች ማለት ነው። ትምህርት ባይኖረኝም ይችን ሒሳብ አላጣትም።

ወሬው ደርሶት ከኬላው ያለው የጣልያን ሐኪም አስጠራን፤ እሱ ግን በሰዓት ነበር የሚለካ። ንዳዱ ጭንቅላቷን ነክቶት እንደሆነ በሞተር ጀልባ ተሻግራ ጎንደር ሐኪም ቤት ትቆያለች፣ እናት አብራ አትሄድም ተባልሁ።

«እትዬ፣ አይፍሩ» አለኝ አስተርጓሚው፣ ቀጭን የጎንደር ሰው። «ደወል ስትሰማ ጠረጴዛውን ትምታ ነው የሚሉት።»

ሐኪሙ ከጀርባዋ ቆሞ ደወለ። ልጄ ዝም። ደግሞ ደወለ። ዝም። በሦስተኛው ጧ! አድርጋ መታችው፤ የቀለሙ ጠርሙስ ዘለለ። አሥር ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ የቆየችውን ሁሉ ደመረና ስድሳ ሰከንድ አገኘ፤ ለአሥር ሲያካፍለው ለአንዱ መልስ ስድስት ሰከንድ።

«በደቂቃ አሥር መልስ» አለ አስተርጓሚው ፊቱን አጥቁሮ። «እኩዮቿ ስድሳ ይመልሳሉ። ጎንደር ትሂድ ነው የሚሉት።»

ያን ጊዜ ገባኝ።

«ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። ያላወቅሽው ሰው ሦስቴ ሳይጠራሽ ወይ እንዳትይ ያልኋት እኔ ነኝ። ወታደሮቹ ከደጅ በስም እየጠሩ…» ብዬ የማንን ወታደር ለማን እንደምከስ ትዝ ሲለኝ ዋጥሁት።

አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ወታደር ያሉትን ጅን ብዬ ልተርጉመው?»

«ጅን ይሁን፣ የኔ ወንድም! እሱም ሦስተኛ አይጠራም ይባላል።»

ምን ምን እንዳለው አላውቅም፤ ሐኪሙ ሳቀ። እንደገና አሥር ጊዜ ፈተናት፤ አሁን ግን ሰዓቱን ከሦስተኛው ደወል ላይ መቁጠር ጀመረ። ድምሩ አሥር ሰከንድ ብቻ ሆነ፤ ለአንዱ መልስ አንድ ሰከንድ። ያንን አሥር ሰረዘና ስድሳ ጻፈ። ልጄን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ «ሂጂ» አላት።

መንገድ ላይ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እማ፣ ከእንግዲህ በስንተኛው ልመልስ?»

«ለሐኪሙ በአንደኛው፣ የኔ ዓለም።»

«ለሌላውስ?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከኬላው ላይ ሁለት ወታደሮች ቆመው ነበር።

«ለሌላው በአራተኛው» አልኋትና እጇን ይዤ ፈጠን አልሁ።